የውብአየሁ ተረከዝ

እትዬ ውብአየሁ የተቀበረች ለት ሳጥኗን ከተሸከሙት ስምንት ወንዶች የስድስቱን ትከሻ አንድ ቀን ወልቆ የመለሰችው እሷው ነበረች። ይህን የቆጠረችው ጎረቤቷ ብዙነሽ ናት። ለቅሶው መሃል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ በሌላው እጇ ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር ያያት ሰው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ውብአየሁ ብታያት ኖሮ ፊቷንም አታዞርም ነበር። ሳቋ ከሆዷ ነው የሚነሳው፤ ትከሻዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ በኋላ ይመጣል።

ወገቧን የታመመች ዓመት ያ ሳቅ ለወራት ጠፍቶ ነበር። እንዴት እንደ ጠፋና እንዴት እንደ ተመለሰ ቡራዩ ውስጥ የማያወራ የለም፤ ሁሉም ግን የየራሱን እየጨመረ ነው።

ውብአየሁ ወጌሻ ነበረች፤ ሙያውን ያየችው ከአባቷ ነው። በሯ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ይያዛል። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ እጁን የመታው፣ ፉሪ ከሚሠራ ፎቅ የተንሸራተተው፣ መናገሻ ፈረስ የጣለው፣ ሱሉልታ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ሁሉም ደጇ ላይ ይገናኛል። ወለምታ ከሆነ በአውራ ጣቷ ታገኘዋለች። ትከሻ የወለቀበት ሰው ሲመጣ ግን ሥራው የእጅ ብቻ አይደለም። ሰውየውን ሰሌን ላይ በጀርባው ታስተኛዋለች። እሷ ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። የቀኝ እግሯን ተረከዝ ብብቱ ውስጥ ትተክልና ክንዱን በሁለት እጇ ትይዛለች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣

«እስቲ የሚስትህን ስም ንገረኝ» ትለዋለች።

ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት በተረከዟ ትገፋለች፣ በእጇ ትስባለች። ቋ! ስሙ ሳያልቅ ትከሻው ቦታው ይገባል። ያላገባው ሊያገባት ያሰባትን ይጠየቃል። የሰፈሩ የፍቅር ወሬ ግማሹ ከዚያች ሰሌን ላይ ነው የሚወጣው።

አንድ ቀን ከሲኖትራክ ላይ የወደቀ ግዙፍ ሾፌር ዳሌ ስትስብ የራሷ ወገብ ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ከመቀመጫዋ ተነስቶ እስከ እግሯ አውራ ጣት የሚወርድ፣ እንደ ጋለ ሽቦ ያለ ሕመም ያዛት።

«ብርድ ነው» አለች።

ወር አለፈ፤ ብርድ ነው አለች። ሁለተኛው ወር አለፈ፤ አሁንም ብርድ ነው። የስንቱን ወገብ ያሸ እጅ የራሱ ወገብ ጋ ሲደርስ አጠረ። ሌላ ወጌሻ ጋ መሄድ ሞት መሰላት። ከዚያ እግሯ መደንዘዝ ጀመረ። አንድ ጠዋት ወደ ሱቅ ስትሄድ የቀኝ እግሯ ነጠላ ጫማ ወልቆ ሦስት አጥር አልፋ ሄደች፤ አልታወቃትም። ጫማውን አንስታ እየሮጠች ያመጣችላት ብዙነሽ ናት።

«ውብአየሁ፣ ጫማሽ እኮ ተፋታሽ!»

ውብአየሁ ለመሳቅ ሞከረች። ትከሻዋ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያው ሳምንት ያቤጽ መጣ። ያቤጽ ከወላይታ መጥቶ ቡራዩ ግንበኝነት የሚሠራ፣ እሁድ እሁድ ቸርቹ ውስጥ ኳየር የሚዘምር ለግላጋ ወጣት ነው። ከመወጣጫ ወድቆ የቀኝ ትከሻው ወልቋል። ሰሌኑ ላይ ተኛ። ውብአየሁ ተረከዟን ብብቱ ውስጥ አስገባች፣ ክንዱን ያዘች፣ የሚያገባትን ስም ጠየቀችው፣ ሳበች። ተረከዟ አልገፋም። የሌላ ሰው እግር ይመስል ብብቱ ውስጥ ዝም ብሎ ተኛ። ደግማ ሳበች። ያቤጽ ጮኸ።

ውብአየሁ እጁን ቀስ አድርጋ ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። «ይሄ ፎቶ ሳይነሳ አይሆንም። ሐኪም ቤት ውሰዱት» አለች።

ወረፋ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። እሷም ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ጠላ አልጠመቀች፣ ሱቅ አልከፈተች፤ በዕድሜዋ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ተረከዙ ከሄደ ውብአየሁ የምትባለው ሴት አብራ ልትሄድ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የእህቷ ልጅ ቤተልሄም ልትጠይቃት መጣች። ቤተልሄም ሱሉልታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ከበሩ ሳትገባ አክስቷን ግቢ ውስጥ ስትራመድ አየቻት።

«እትዬ፣ እግርሽን እየጎተትሽ ነው።»

«መሬቱ ነው የሚጎትተኝ።»

«ሰኞ አብረን እንሄዳለን። የእኛ ሐኪም ወገብ ነው ሥራው።»

«እኔን? ሐኪም ቤት? ወጌሻዋ ካርድ አውጥታ ወረፋ ስትጠብቅ ታየች ቢባል፣ ከነገ ጀምሮ በሬ ላይ ዝንብ አያርፍም!»

«ሱሉልታ ማን ያውቅሻል?»

«ሯጩ ሁሉ ነዋ!»

ቤተልሄም ግን እግሯን እያየች ክርክሩን አልሰማችም። በመጨረሻ ውብአየሁ ራሷ መላ አገኘች። ለብዙነሽ፣ «ከሱሉልታ በላይ አዲስ የፈለቀ የአርሴማ ጸበል አለ አሉ። ሰባት ቀን ልጠመቅ ነው» አለቻት። ለብዙነሽ መንገር ለቡራዩ መንገር ነው፤ ሌላ ሰው መሰናበት አላስፈለጋትም።

ሐኪሙ ዶክተር ሕዝቅያስ ይባላል። ጃፓን ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የኤም አር አይ ፎቶዋን መብራት ላይ አድርጎ አሳያት።

«ይቺን ያያሉ እናቴ? በሁለት አጥንት መሃል ያለች ትራስ ናት። ዲስክ የምንላት እሷን ነው። ውስጧ እንደ ተልባ ውሃ የሚያሙለጨልጭ ነገር አለ። ሽፋኗ ሲላላ እሱ ወደ ኋላ ወጥቶ ነርቭዎ ላይ ተኛ።»

«ታዲያ ወደ ቦታው ግፋት!»

«በመግፋት የሚገባ ቢሆን እርስዎ ዘንድ ነበር የምልከው።»

መልሱን ወደደችው። ግን ፊቷን አልፈታችም። «እና በቢላዋ ልትቀደኝ ነው።»

«ቢላዋ የለም። በቀጭን መርፌ ኢንዛይም የሚባል መድኃኒት ትራሷ መሃል እናስገባለን። ያ ያበጠው ውስጡ ውሃ ስለያዘ ነው ያበጠው። ኢንዛይሙ ውሃውን የያዘውን ነገር ይፈታዋል። ውሃው ሲለቅ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ነርቩም ይተነፍሳል። ግን ዛሬ ተወግተው ነገ አይሮጡም፤ ሳምንታት ይፈጃል። የማይሠራለት ሰውም አለ። ደግሞ በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው።»

«ለምን አንድ ጊዜ?»

«ሰውነት መጀመሪያ ያስተናግደዋል። ሁለተኛ ከመጣ ሊቆጣ ይችላል።»

«ቀበጥ እንግዳ ነው በለኛ።»

«ልክ ነዎት። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። እግርዎ ገና ፈጽሞ አልደከመም። ሌላ ጥቂት ወር ቆይተው ቢሆን ኖሮ መርፌውም ኦፕራሲዮኑም ላይመልሰው ይችል ነበር።»

 ውብአየሁ፣ «እጅህን ስጠኝ» አለችው። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ዘረጋላት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨበጠች፣ መገጣጠሚያዎቹን ዳሰሰች፣ ትንሽ ጠበቀች።

«አይንቀጠቀጥም። ውጋኝ» አለች።

በጎኗ አስተኟት፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አስጠግታ አቀፈች። ቦታውን አደነዘዙት። ራጁ የአጥንቷን ጥላ ፊት ለፊቷ ባለው ስክሪን ላይ ያሳያል፣ መርፌውም ይታያል። ውብአየሁ ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።

«ትንሽ ወደ ላይ።»

«እናቴ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ።»

«ከአጥንቷ ሥር ልትነካ ነው፣ ወደ ላይ!»

ሐኪሙ መርፌውን ባለበት አቆመ። ለካ ቤተልሄም የአክስቷን አሠራር አንድ በአንድ አጫውታዋለች። «እሺ» አለ በቀስታ፣ «የባልዎን ስም ይንገሩኝ።»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ገብረ...»

መርፌው ገባ።

«አንተ ሌባ!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ማስኳ ውስጥ ሳቀች። ገብረየስ የሚለው ስም መድኃኒቱ ገብቶ ሲያልቅ ነው የተሟላው።

መድኃኒቱ እንዳያስቆጣት እዚያው አቆይተው አይዋት። ከዚያ ቤተልሄም ቤት ሰባት ቀን አሳልፋ፣ ቡራዩ ገባች። ወገቧ ላይ የትንኝ ንክሻ የምታህል ነጥብ እንጂ ሌላ ምልክት የለባትም። እንኳን ተጠመቅሽ ላላት ሁሉ፣ አሜን አለች።

ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ውሸቷ ሳያንስ በከንቱ እንደ ዋሸች እያሰበች ተብሰለሰለች። በሦስተኛው ሳምንት እግሯን ስትታጠብ ውሃው አቃጠላት። ተነስታ ልትቆጣ አሰበችና ድንገት ገባት፤ የቀኝ እግሯ ነው የተቃጠለው። ሳፋው ውስጥ እያየችው ተቀመጠች። በስድስተኛው ሳምንት ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ መውለቁን ተወ። ሦስት ወር ሊሞላ ሲል ለክትትል ሄደች። ሐኪሙ በተረከዟ አስቆማት፣ በጣቷ አስቆማት፣ መዳፉን እንድትገፋ አደረጋት። «ሥራዎን ይጀምሩ፤ ቀስ እያሉ» አላት።

በማግስቱ ያቤጽ በሯ ላይ ነበር። ትከሻው እንደገና ወልቋል።

«እናቴ፣ ያው ነው። ሲሚንቶ ሳነሳ...»

 ባለፈው የነበሩት ሰዎች ያለፈውን አስታወሱ። ውብአየሁ ሰሌኑን አነጠፈች። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተረከዟን ብብቱ ውስጥ ተከለች፤ የጎድን አጥንቱ ሲተነፍስ ተሰማት። ባለፈው ያልተሰማት እሱ ነበር።

«የምታገባትን ስም!»

«እናቴ፣ እኔ እኮ የለኝም...»

«አለህ!»

«ትህ...»

ቋ!

ያቤጽ ክንዱን አነሳ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሳ። «ትህ ማን?» አለ ከወረፋው አንዱ። «ትህትና» አለ ያቤጽ ወደ መሬት እያየ። «ኳየር ውስጥ ናት።» ብዙነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ እልልታዋን ለቀቀችው። የውብአየሁ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ድምፁ መጣ። ሰፈሩ ያን ሳቅ ናፍቆት ስለነበረ ያልገባውም አብሮ ሳቀ።

ችግሩ ከዚያ ሳቅ ነው የጀመረው።

«አርሴማ ናት!» አለች ብዙነሽ። «ቅዳሜ ሁላችንም እንሄዳለን!»

 ውብአየሁ በወረፋው ሁሉ ፊት ምን ትበል? ብዙነሽ በሁለት ቀን ውስጥ የሚኒባስ ሾፌሩን ወንዲን ያዘች፣ ወገቡን የሚያመውን ሁሉ ጠራች፣ ያቤጽን ሳይቀር ጀሪካን እንዲሸከም አዘዘችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።»

«ጀሪካኑ አይጠይቅህም።»

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ አንድ ሰው፣ ውሃ እንኳን ያልቀመሰ፣ ቢጫ ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተሳፈረ። ውብአየሁ መንገድ መሪ ሆና ከፊት ተቀመጠች። ዕቅዷ፣ በዚያ አካባቢ ጸበል አይጠፋምና አንዱ ጋ አድርሳቸው እመለሳለሁ የሚል ነበር። በስሟ የዋሸችባትን አርሴማን በሆዷ ይቅርታ እየጠየቀች በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ዳገት ወጡ። ከኋላ መዝሙር ይዘመራል፤ ያቤጽ የማያውቀውን ዜማ በሁለተኛ ድምፅ ይቀበላል።

ከጎኗ የተቀመጡት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ መናገሻ የደን ጥበቃ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ኢቲቻ?» ስትል በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለቻቸው። «ወገብዎ እንዴት ነው?»

«ናጋ፣ ናጋ። ወገቤስ ደህና ነበር፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። ሐኪም ለማክሰኞ ኦፕራሲዮን ቀጥሮኝ ነበር፣ ሰረዝኩት።»

«ምን አሉ?»

«ሰረዝኩት። አንቺን ያዳነ ውሃ እያለ ቢላዋ ምን ይሠራልኛል?»

ውብአየሁ ወደ እግራቸው አየች። የቀኝ ጫማቸው እንዳይወልቅ በሲባጎ ከቁርጭምጭሚታቸው ጋር ታስሯል። ሲባጎውን ስታይ ያን ጠዋት በብዙነሽ እጅ የመጣው የራሷ ነጠላ ጫማ ትዝ አላት።

«ወንዲ፣ አቁም!» አለች።

«እትዬ፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው።»

«አቁም ብያለሁ!»

ወንዲ ዳር ያዘ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ውብአየሁ ወደ ኋላ ዞረች።

«ጸበል አልሄድኩም» አለች። «ሐኪም ቤት ነው የሄድኩት። ወገቤን በመርፌ ነው የወጉኝ። ወጌሻ ሐኪም ቤት ሄደች እንዳትሉኝ ብዬ ዋሸሁ። በቃ።»

 ብዙነሽ ጀሪካኗን አቅፋ፣ «ማለት... አርሴማ የለችም?» አለች።

«አርሴማማ አለች። ያልሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም፣ ውብአየሁ!»

ከመጨረሻው ወንበር ያቤጽ ፈነዳ። «ጴንጤው ጀሪካን ተሸክሞ ለጸበል ይወጣል፣ ኦርቶዶክሷ በጓሮ በር ክሊኒክ ትገባለች!» ብሎ ወንበሩን ደበደበ። አንዷ ሴት ልትቆጣ አፏን ከፈተችና እሷም ሳቅ አመለጣት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሚኒባሱ በቆመበት ይወዛወዝ ጀመር። ያልሳቁት ኦቦ ኢቲቻ ብቻ ነበሩ።

«ዱጋ?» አሉ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ዱጋ፣ ኦቦ ኢቲቻ። እኔን ይቀየሙኝ፣ እግርዎ ግን አይጠብቅም። ቆይቼ ቢሆን ኖሮ የእኔም አይመለስም ነበር፤ ሐኪሙ ነው የነገረኝ።»

ሽማግሌው ሲባጎውን አዩት። ከዚያ እሷን አዩ። «እኔ አንበጣ የሚያህል ሌባ ከሩቅ የማይ የደን ጠባቂ፣ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ሸወድሽኝ!» አሉና ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ ነበር። «በይ ምሪ። የት ነው ይሄ ክሊኒክ?»

የክሊኒኩ ዘበኛ አሥራ አንድ ባለ ጀሪካን ሲመጣ አይቶ፣ «ውሃ እዚህ አይቀዳም፣ ቦኖው ወደዚያ ነው!» እያለ እጁን አወናጨፈ። ቤተልሄም ከመስኮቷ አየቻቸውና ፊቷን በካርድ ሸፈነች።

ዶክተር ሕዝቅያስ ኦቦ ኢቲቻን መረመረ፣ ጸበል ሊያስነኩት ይዘውት የመጡትን ፎቶ አየ። «ለእርስዎ መርፌው አይሆንም» አላቸው። «ከትራሷ የወጣው ተቆርጦ ለብቻው ተቀምጧል፤ ኢንዛይሙ ጥሩ አድርጎ አያገኘውም። የቀጠረዎት ሐኪም ልክ ነው። ማክሰኞ ይሂዱ።» ቤተልሄም እዚያው ስልክ ደወለች። ቦታቸው ገና አልተሰጠም ነበር።

ሌሎቹ ግን ሐኪሙን ከበቡት። ሁሉም የሚፈልገው ያቺን መርፌ ነው። ሐኪሙ ላብ ላብ አለው።

«እናቴ፣ እባክዎ ይርዱኝ።»

«እኔ?»

«እጅዎ መጀመሪያ ይያቸው። እግሩ የሚደነዝዘውን ይላኩልኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሣር ላይ ተሰለፉ። ውብአየሁ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ያንቺ የእጅ ነው፣ ተኚ። ያንተም የእጅ ነው። ያንቺም።» አንዱን ስታሽ፣ አንዱን ስትስብ፣ ሐኪሙ በመስኮት ቆሞ አየ። ሣሩ ላይ ጩኸትና ሳቅ ተቀላቀለ። ወደ ውስጥ የሚላክ አንድም ሰው ሳይገኝ ሊያልቅ ሲል ወንዲ ከመኪናው ወረደ። ሲወርድ የግራ ጭኑን በእጁ ደግፎ ነው።

«ወንዲ፣ ና እስቲ።»

«እኔማ ሾፌር ነኝ እትዬ፣ ለትራንስፖርት ነው የመጣሁት።»

እግሩን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው። ወንዲ ጣራ የሚቀድ ጩኸት ጮኸ።

«ይሄ የአንተ ነው!» ብላ ወደ መስኮቱ ተጣራች።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ካገኙት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጀሪካናቸውን ጸበል ሞሉ። ውብአየሁ ቄሱን ለብቻ አግኝታ ተናዘዘች። ቄሱ ሠላሳ ስግደት ሰጧት። አርባ ሰገደች። ብዙነሽ ቆጥራ ነበርና፣ «አሥሩ የምንድን ነው?» አለቻት። ውብአየሁ ጉልበቷን እያራገፈች፣ «መጎንበስ እኮ ናፍቆኝ ነው» አለች።

ሰኞ ጠዋት ግን ሰው ይመጣ ይሆን ብላ ፈራች። ሰሌኑን አንጥፋ በሩን ከፍታ ጠበቀች። አንድ ሰዓት ሆነ። ማንም የለም። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የእግር ኮቴ ሰማች። ብዙነሽ ናት፤ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። ከኋላዋ ሦስት፣ ከእነሱ ኋላ አምስት ሰው፣ አንዱ ከሰበታ፣ አንዷ እስከ ፉሪ ድረስ ወሬው የደረሳት።

«ሚኒባስ ውስጥ ተኝቼበት ነው» አለች ብዙነሽ አንገቷን ይዛ። ቀጥላም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በር የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀች። «ውብአየሁ፣ የኔ የእጅ ነው የመርፌ?»

ውብአየሁ በአውራ ጣቷ አንገቷን ዳሰሰች። አሰብ አደረገች።

«ያንቺ የአፍ ነው» አለች።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።